ጎማውን ከበርሜሉ አውጣ



ወንዝ ወደ ምንጩ አይመለስም ሲባል እየሰማህ አድገሃል። ዓባይም ሆነ አዋሽ በክረምት ቢሞላ በበጋ ቢጎድል መንገዱ አንድ ነው፤ ይኸውም ከላይ ወደ ታች ነው። ከዚህ የተነሣ ውኃን ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ፍጥረት አድርገን መቁጠር ልማዳችን ሆኗል። በቧንቧ የሚመጣልንንም ውኃ የምናየው በዚሁ ዓይን ነው። ከግድቡ ይነሣል፤ በማጣሪያ ያልፋል፤ በመንገድ ሥር ተጉዞ በቆጣሪ ይለካል፤ ከግቢያችን ቧንቧ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የኛና የዕቃችን ነው እንላለን።

የዛሬው ጨዋታችን ይህ ሐሳብ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ነው። የቧንቧ ውኃ ይመለሳል። ከበርሜልህ ወይም ከልብስ ማጠቢያ ሳፋህ ተነሥቶ፣ በመጣበት መንገድ ወጥቶ ወደ ጎረቤትህ ቤት ሊሄድ ይችላል። ሲመለስም ባዶ እጁን አይመለስም፤ ያገኘውን ቆሻሻ ይዞ ይሄዳል። ይህንም የሚያደርገው ክፉ ሰው ሳያስበው፣ ሌባ ሳይነካው፣ ሁላችንም ተኝተን ሳለን ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን መከላከያው ነው። በየቤቱ ለሚደርሰው ለዚህ አደጋ ዋናው መድኃኒት ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ አየር ነው። አየር ደግሞ በገንዘብ አይገዛም።

እስቲ አንድ ግቢ በሐሳብህ ተመልከት። ምናልባት አንተ የምትኖርበትን ይመስል ይሆናል። የቤቱ እመቤት ከፊት ባለው ቤት ይኖራሉ፤ ከኋላ በተርታ ከተሠሩት ክፍሎች በአንደኛው አንተ፣ በሁለተኛው አንዲት አስተማሪ፣ በሦስተኛው ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ተከራይታችኋል። ለሁላችሁም ያለው ቧንቧ አንድ ነው። ውኃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ስለዚህ ማታ ከመተኛትህ በፊት ጎማውን ከቧንቧው አፍ ታስርና ሌላውን ጫፍ ከበርሜልህ ውስጥ ትከታለህ። ጎማው በውኃው ኃይል ተገፍቶ እንዳይወጣ ብለህም እስከ በርሜሉ ወለል ድረስ ታወርደዋለህ። ቧንቧውን ከፍተህ ትተኛለህ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ውኃው እየተንፏፏ ሲመጣ ትሰማለህ፤ «ተመስገን» ብለህ ትገላበጣለህ።

በርሜሉ ይሞላል። ጎረቤትህ ይነሣና ጎማውን ወደ ራሱ ሳፋ ያዞረዋል። በሳፋው ውስጥ ማታ የተዘፈዘፈ የሕፃን ጨርቅ አለ። ሊነጋጋ ሲል ውኃው ይሄዳል። ቧንቧው ግን እንደ ተከፈተ ነው፤ ጎማውም እንደ ጠለቀ ነው።

አሁን ከእናንተ ግቢ ዝቅ ብሎ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ አንዲት እናት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ለቁርስ ቡና ሊያፈሉ ቧንቧቸውን ይከፍታሉ። ውኃው መሄዱን አላወቁም። ጥቂት ይወርድላቸዋል። «የቀረች አለች» ብለው ደስ ይላቸዋል፤ ጀበናውን ይሞላሉ፤ ለትንሹ ልጅም በኩባያ ይሰጡታል። ያ የወረደው ውኃ ከግድቡ የመጣ አይደለም። በመንገዱ ውስጥ ያለው ዋና ቧንቧ ባዶ ሆኖ ወደ ታች ሲሳብ፣ ጎማው ከሳፋው ውስጥ የጠጣው ውኃ ነው። ቡናው ፈልቷልና ምናልባት አይጎዳ ይሆናል። የልጁ ኩባያ ግን አልፈላም።

ይህ ግቢ እኔ ለምሳሌ ያቆምሁት ነው። ሥራው ግን ምሳሌ አይደለም፤ ቧንቧና ጎማ፣ በርሜልና የሚቋረጥ ውኃ ባሉበት ቦታ ሁሉ የሚሆን ነገር ነው።

«ውኃ ራሱ ወጥቶ እንዴት ይሄዳል?» ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። መልሱን ግን ከኔ ይልቅ ማናቸውም የመኪና ነጂ ያውቀዋል። ቤንዚን ከመኪናው ታንክ መቅዳት ሲፈልግ ቀጭን ጎማ ይከታል፤ በአፉ አንድ ጊዜ ይስባል፤ ከዚያ የጎማውን ጫፍ ከታንኩ ዝቅ አድርጎ ጀሪካን ውስጥ ሲያስገባው ቤንዚኑ ያለ አንዳች ረዳት ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ነጂው ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጎማው ውስጥ ያለውን አየር አወጣ። የቀረውን የሠራው በታንኩ ውስጥ ባለው ቤንዚን ላይ የተጫነው አየር ነው።

አየር ክብደት አለው። ይህንን ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ በ17ኛው መቶ ዓመት በሜርኩሪ የተሞላ የመስተዋት ቱቦ ይዞ አሳይቷል። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ክብደት ውኃን ባዶ በሆነ ቧንቧ ውስጥ እስከ 10 ሜትር ድረስ ከፍ ማድረግ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች የኛ አየር ቀለል ይላል፤ ቢሆንም 7 ሜትር ተኩል ያህል ውኃ ለማንሣት አያንስም። ይህ ከሁለት ፎቅ ቤት ቁመት በላይ ነው። እንግዲህ አንድ ክንድ ተኩል ከፍታ ያለውን በርሜል ለማለፍ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አንተው ገምት።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ውኃ በቧንቧ ውስጥ የሚሄደው ቁልቁለትን እየተከተለ አይደለም፤ ግፊትን እየተከተለ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከእንጦጦ ተራራ እስከ ቤተ መንግሥት ድረስ ውኃ በቧንቧ ባስመጡ ጊዜ፣ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና አቀበት የሚወጣ ውኃ ያዩ ሰዎች እጅግ ተደንቀው ነበር። መደነቃቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንን ውኃ አቀበት ያስወጣው ሕግ ራሱ፣ ዛሬ የሳፋውን ውኃ ወደ ጎረቤት ያስገባዋል። ቧንቧ ንጹሕና ቆሻሻ አይለይም፤ መምጫና መሄጃም አያውቅም። የሚያውቀው ብዙ የሚገፋው ማን እንደ ሆነ ብቻ ነው።

የውኃ መመለስም በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው መሳብ ነው። በዋናው መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ሲወድቅ፣ ይኸውም ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ፈረቃው ሲያበቃ፣ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲወስድ፣ ቧንቧው እንደ ነጂው ጎማ ይስባል። ሁለተኛው መግፋት ነው። በአንድ ቤት ወይም በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ፓምፕ ወይም ከፍ ብሎ የተሰቀለ ታንከር ከከተማው መስመር የበለጠ ግፊት ሲኖረው፣ የራሱን ውኃ በግድ ወደ ከተማው መስመር ያስገባል። ለሁለቱም የሚበጀው ጥበቃ እንደየጠባያቸው ይለያያል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር የድኃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስልህ። በሀብታቸውም በትምህርታቸውም የታወቁ አገሮች ከባድ ዋጋ ከፍለው ነው የተማሩት።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ከየአገሩ የመጣው እንግዳ በየሆቴሉ አረፈ። እንግዶቹ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙዎቹ በአሜባ ተቅማጥ ታመሙ። በሽታው የጀመራቸው ከቺካጎ ርቀው፣ በየራሳቸው ከተማ ስለ ነበረ ምንጩን ለማወቅ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ነገሩ ተከታትሎ ሲታይ፣ ከታመሙት የሚበዙት ጎን ለጎን በቆሙና በውኃ በሚገናኙ ሁለት ሆቴሎች አርፈው የነበሩ ሆነው ተገኙ። በሆቴሎቹ ውስጥ ያለው ቧንቧ አርጅቶ፣ የመጠጡ ውኃና የቆሻሻው መስመር የሚገናኙባቸው ቦታዎች ነበሩ። ከ1,400 በላይ ሰዎች ታመው 98 ሞቱ። የቺካጎ ከተማ ውኃ ከመንገዱ ቧንቧ እስከ ሆቴሎቹ ደጃፍ ንጹሕ ሆኖ ደርሶ ነበር፤ የተበላሸው ከደጃፉ ወዲህ ነው።

ሁለተኛውን ደግሞ ተማሪዎች በተለይ ስሙት። በ1969 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ በዉስተር ከተማ የሚገኘው የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን፣ በአሜሪካኖቹ ዓይነት ጨዋታ ማለት ነው፣ ለውድድር ልምምድ ያደርግ ነበር። ጊዜው በጋ፣ ቀኑም ሞቃት ስለ ነበረ ተጫዋቾቹ በሜዳው አጠገብ ካለው ቧንቧ ጠጡ። ከሳምንታት በኋላ እነዚያ ጠንካራ ወጣቶች አንድ በአንድ ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ በጉበት በሽታ፣ ባላገሩ የወፍ በሽታ በሚለው፣ ወደቁ። ከ97 ተጫዋቾችና አሠልጣኞች 90 ያህሉ በበሽታው ተለከፉ። ቡድኑ ሁለት ግጥሚያ ብቻ አድርጎ የዓመቱን ውድድር በሙሉ ሰረዘ።

ኋላ ምርመራ ሲደረግ የተገኘው ይህ ነው። ሣሩን ለማጠጣት የተዘረጋው ቧንቧ መክፈቻዎቹ ከመሬት በታች በተቆፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ነበሩ። ጉድጓዶቹ ውኃ ያቁራሉ፤ በሽታው ያለባቸው የሠፈሩ ሕፃናትም በዚያ ውኃ ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን በከተማው እሳት ተነሥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙ ውኃ ሲወስዱ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ወደቀ፤ ቧንቧውም የጉድጓዱን ውኃ ጠጣው። እሳት አጥፊዎቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ ሕፃናቱ እንደ ሕፃን ተጫወቱ፤ ተጫዋቾቹ ስለ ጠማቸው ጠጡ። ጥፋተኛ ብለህ የምትከሰው ሰው የለም። የጎደለው ነገር በጉድጓዱና በቧንቧው መካከል ሊኖር የሚገባው ጥበቃ ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱ በኋላ የሆነ ነው። የስልኩ ኩባንያ ስሙን የወሰደባት ኖኪያ የምትባል ከተማ በፊንላንድ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር ወር 2007 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ የመጠጥ ውኃ መስመርና ከፍሳሽ ተጣርቶ የወጣ ውኃ የሚሄድበት መስመር በአንድ ቫልቭ ተገናኝተው ነበር። ያ ቫልቭ ተከፍቶ ተረሳ። የፍሳሹ ውኃ ግፊት ስለ በለጠ ለሁለት ቀን ያህል ወደ መጠጡ መስመር ገባ፤ መጠኑም 450 ሜትር ኩብ ያህል ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ። በፊንላንድ መሐንዲስም ላቦራቶሪም ገንዘብም አይጠፋም። ቢሆንም በሁለት መስመር መካከል ያለ ቫልቭ ግድግዳ አይደለም፤ በር ነው። በር ደግሞ አንድ ቀን ተከፍቶ ይረሳል።

«ውኃው ክሎሪን ይጨመርበት የለምን? ክሎሪኑ የት ሄዶ ነው?» የሚል አይጠፋም። መልካም ጥያቄ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው ውኃ ተጣርቶ ክሎሪን ይጨመርበታል። ነገር ግን ውኃው በጉዞው እንዳይበላሽ ተብሎ በውስጡ የሚቀረው ክሎሪን ጥቂት ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ግማሽ ሚሊግራም ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ይህ መጠን ለጥቂት ተሐዋስያን ይበቃ ይሆናል፤ አንድ ሳፋ እጣቢ ሲገባበት ግን ወዲያው ያልቃል። ከዚህም ሌላ ዛጎል ለብሶ የሚኖር የአሜባ ዘር ክሎሪንን የሚቋቋም ነው። ስለዚህ ክሎሪን ዘበኛ ነው እንጂ ጦር ሠራዊት አይደለም። ዘበኛ አለ ተብሎ በር ተከፍቶ አይታደርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነገሩን ከቀላሉ እንጀምር።

አንደኛ፤ ባዶ አየር ተው። የቧንቧው ወይም የጎማው አፍ ከሚሞላው ዕቃ ከንፈር በላይ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ አይግባ። የቧንቧ ባለሙያዎች ሕግ እንዲህ ይላል፤ በቧንቧው አፍና በዕቃው ከንፈር መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከቧንቧው አፍ ስፋት እጥፍ ይሁን፤ በማናቸውም ሁኔታ ከ25 ሚሊሜትር አይነስ። ይኸውም ለግቢያችን ቧንቧ ሁለት ጣት ያህል ነው። ውኃው ክፍተቱን ዘልሎ ይወርዳል፤ የወረደው ግን ክፍተቱን ዘልሎ ሊመለስ አይችልም፤ ቧንቧው ቢስብ የሚስበው አየር ብቻ ነው። የማይበላሽ፣ የማይዝግ፣ መለዋወጫ የማይፈልግ መሣሪያ ቢኖር ይህ ነው። ጎማው እንዳይወድቅብህ ከበርሜሉ በላይ በሽቦ ወይም በእንጨት እሰረው። በርሜሉ ሲሞላ በላይ ቢፈስስ ኪሳራው ጥቂት ውኃ ነው፤ ጠልቆ ቢቀር ኪሳራው የሰው ጤና ነው።

ሁለተኛ፤ ጎማን እንደ እባብ ቁጠረው። ሥራህን ስትጨርስ ከቧንቧው ፍታው፤ ቧንቧውንም ዝጋ። መኪና ስታጥብ ጎማውን በሳሙና ባልዲ ውስጥ ጥለህ አትሂድ። በተለይ የአትክልት ፀረ ተባይ መድኃኒት የምትበጠብጥ ከሆነ፣ ጎማውን በመርጫው ዕቃ ውስጥ በፍጹም አትክተት፤ ውኃውን በባልዲ ቀድተህ ጨምር። ተማሪ ከሆንህም በትምህርት ቤትህ ላቦራቶሪ ከቧንቧው አፍ ላይ የተንጠለጠለች ጎማ ጫፏ ከመታጠቢያው ውስጥ ገብታ ብታይ፣ ቆርጠህ አሳጥራት ብለህ ለመምህርህ ንገር። በዚያ መታጠቢያ የሚደፋውን ነገር ከማንም ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ሦስተኛ፤ ፓምፕህን ከከተማው መስመር ጋር በቀጥታ አታገናኝ። ውኃ ሲያጥር ፓምፕ ገዝቶ ከቆጣሪው ወዲህ መትከልና ከመንገዱ ቧንቧ መምጠጥ ብልህነት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ፓምፕ ግን ለባለቤቱ ውኃ ሲያመጣለት በሠፈሩ መስመር ውስጥ ያለውን ግፊት ያወርዳል፤ የጎረቤት ጎማ ከሳፋ ውስጥ ካለ የሳፋውን ይስባል፤ ቧንቧው በሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ በስንጥቁ በኩል እዚያ ያለውን ይስባል። የሳበውንም መጀመሪያ የሚጠጣው ባለፓምፑ ራሱ ነው። ትክክለኛው መንገድ የከተማው ውኃ በራሱ ግፊት ወደ መሬት ታንከር ይውረድ፤ መውረጃውም ሁለት ጣት ባዶ አየር ይኑረው፤ ፓምፑም ከዚያ ታንከር ይቅዳ።

አራተኛ፤ ሁለት ውኃ አታጋባ። በግቢው ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ያለው ሰው የጉድጓዱን መስመር ከከተማው መስመር ጋር አገናኝቶ በመካከሉ ቫልቭ ያደርግና «አንዱ ሲቋረጥ ሌላውን እከፍታለሁ» ይላል። የኖኪያን ነገር አስታውስ።

አምስተኛ፤ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ፣ ቧንቧ ሠራተኞች ቼክ ቫልቭ የሚሉትን፣ ከቆጣሪው በኋላ ማስገጠም መልካም ነው። በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት በር ያህል ነው። ብቻውን ግን አትመነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ምላሱ ሥር ብትገባ ሳይዘጋ ይቀራል። ስለዚህም ሆስፒታል፣ ቄራ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ ላቦራቶሪ የመሰለ ከባድ ቆሻሻ ያለበት ቦታ የበለጠ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ቫልቮች በተከታታይ ቆመው በመካከላቸው አንድ መውጫ አላቸው። የመግቢያው ግፊት ሲወድቅ ወይም ቫልቮቹ ሲያሳልፉ፣ በመካከል የተገኘው ውኃ ወደ ኋላ ከመሄድ ይልቅ በመውጫው ወደ ውጭ ይፈስሳል። በውጭ አገር ይህ መሣሪያ ተተክሎ አይረሳም፤ በብዙ ቦታ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር ይታዘዛል።

ስድስተኛ፤ ተቋርጦ የመጣን ውኃ ወዲያው አትጠጣ። መጀመሪያ የወረደውን ለጽዳት አውለው፤ ጥርት እስኪል ጠብቅ። ካጠራጠረህ አፍላው። በከፍታ ቦታ ውኃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ግን ጀርምን እንጂ ፀረ ተባይን ወይም የፋብሪካ መርዝን አያጠፋም። ሽታው ወይም ቀለሙ ከተለወጠ አፍልተህ ለመጠጣት አትሞክር፤ ትተህ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስታውቅ።

አሁን ወደ አንተ ወደ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ልመለስ። «እኔ ምን ሥልጣን አለኝና? መዝገብ ከማገላበጥ በቀር ምን እሠራለሁ?» ትል ይሆናል። እንደምታስበው አይደለም። በቺካጎ 98 ሰው የገደለው ጉድለት በቢሮ ወረቀት ላይ ሊታይ የሚችል ጉድለት ነበር። አዲስ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሲሠራ የዕቃውን ዝርዝር በንጹሕ የሚገለብጠው አንተ ነህ። በዝርዝሩ ውስጥ የውኃ ታንከር ካየህ «መውረጃው ከታንከሩ ከንፈር በላይ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ትዕቢት አይባልም። ሥራ ተቋራጭ ለጨረሰው ቤት የርክክብ ሰነድ ሲፈረም ቼክ ቫልቩ በዝርዝሩ እንዳለ በቦታውም መኖሩን አይቶ መፈረም የቀበሌውም የመሥሪያ ቤቱም ሠራተኛ ግዴታ ነው። በመሥሪያ ቤትህ ግቢ አትክልተኛው ጎማውን በአበባው ኩሬ ውስጥ ጥሎ ቢሄድ፣ ወርደህ አንሣው። «አባቴ፣ እንዲህ ሲሆን ውኃው ይመለሳል» ብለህ በትሕትና አስረዳቸው። ከዋና ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ይልቅ ያንተ አንድ ቃል ቶሎ ይሠራል።

አንቺም እኅቴ፣ የተከራየሽበት ቤት እመቤት «እኛ ስንት ዓመት እንዲህ ስናደርግ ምን ሆንን?» ቢሉሽ አትከራከሪያቸው። የቧንቧ ውኃ የሚመለሰው በየቀኑ አይደለም፤ ግፊት የወደቀ ዕለት ጎማው ጠልቆ ሲገኝ ብቻ ነው። ከዚያም በሽታው የሚወጣው በእርሳቸው ግቢ ሳይሆን ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው ግቢ ነው። በእርሳቸው ዘንድ ምንም አለመታየቱ ምንም አልሆነም ማለት አይደለም። ይህን በቀስታ ንገሪያቸውና ጎማውን ከበርሜሉ በላይ የምታስሪበትን ሽቦ ራስሽ አምጪ። ሽቦ ይዞ የመጣን ሰው የሚቆጣ የለም።

ነገሩን ሳጠቃልለው፤ በጋራ ቧንቧ የሚኖር ሰው በጋራ ኩባያ እንደሚጠጣ ነው። ኩባያው መቶ ሺህ አፍ ቢኖረውም ኩባያው አንድ ነው። ውኃ አመጣጡን እናማርራለን፤ ፈረቃው ረዘመ፣ ሌሊት ሆነ እንላለን፤ ማማረራችንም በቂ ምክንያት አለው። የመጣውን ንጹሕ ውኃ ንጹሕ አድርጎ ለጎረቤት ማስተላለፍ ግን የማንም መሥሪያ ቤት ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ቧንቧው ያለው በየግቢያችን ነውና። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። እነሆ ቅጠሉ ሁለት ጣት አየር ነው።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ መጽሔቱን አስቀምጥና ወደ ግቢ ውጣ። ጎማው የት እንዳለ ተመልከት።

ሳምንት ሰው ይበለን።